የጋዜጣው ሐያሲ ሁሉንም ፊልም በአንድ ሚዛን መመዘኑ ተገቢ ነውን?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ በየሳምንቱ የማነብበው የጋዜጣ የፊልም ሐያሲ «ጤዛ»ን፣ «ላምብ»ንና «ድፍረት»ን በሰፊው ሲያወድስ፣ ሲኒማ ቤቶችን የሚሞሉትን የፍቅር ኮሜዲዎች ግን በሁለት መስመር ያጣጥላቸዋል። እኛ የከተማ ዳር ነዋሪዎች መሐል አዲስ አበባ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ ስለሚጠብቀን፣ የትኛው ፊልም ድካማችንን እንደሚክስ የሚነግረን ሰው እንሻለን። እንዲህ ያለው ሂስ ይጠቅማል ትላላችሁ?

መልስ (ከለገጣፎ)፦ ሐያሲው ስለ «ጤዛ» ያለው ትክክል ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ቢሆንም፣ ሐያሲው ሽልማቱን ከመቁጠር ይልቅ ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር ትዝታው ተቆራርጦ የሚቀርብበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ ያ መቆራረጥም የደርግን ዘመን ፍርሃት እንዴት እንደሚያሳይ በትዕግሥት አስረድቷል። እንዲህ የሚጽፍልን ስንት ሰው አለ?

መልስ (ከሰበታ)፦ በ«ላምብ» ላይ ግን አልስማማም። የያሬድ ዘለቀ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል መታየቱ ያኮራል፤ ነገር ግን ሐያሲው ተራራውን ሲያደንቅ፣ እናቱን ያጣው ኤፍሬም ምግብ ማብሰል በመውደዱ ከአጎቱ ጋር የሚገባበትን ግጭት፣ ማለትም የታሪኩን ዋና ጉዳይ፣ ዘንግቶታል።

መልስ (ከሱሉልታ)፦ ኮሜዲን በተመለከተ ጠያቂው እውነት አላቸው። ቀልዱ ካልሠራ ለምን እንዳልሠራ፣ ጽሑፉ ይሁን ትወናው ወይም አርትዖቱ፣ ለይቶ መጻፍ የሐያሲው ሥራ ነው። እኔ እስከዚያው የፊልም ምርጫዬን ለጎረቤቶቼ ትቻለሁ።