በረሃ ላይ ውሃ የሚያመርት ባለሀብት ትርፉን ከየት ያገኛል?

የሒሳብ ሰው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል እሠራለሁ። ሰሞኑን ስለ ሳውዲ አረቢያ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች ሳነብ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። ጁቤይል 3ኤ የሚባለው ማጣሪያ በቀን 600 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ያመርታል። የሚሸጠው በሜትር ኩብ 41 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ ወደ አንድ ሪያል ተኩል መሆኑ ነው። ቤተሰብ ግን በዝቅተኛው የታሪፍ እርከን የሚከፍለው ጥቂት ሃላላ (የሪያል ሳንቲም) ብቻ ነው። ታዲያ የግል ባለሀብት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እዚያ የሚያፈስሰው ምን አይቶ ነው? ልዩነቱንስ ማን ይሸፍናል? እዚያ የሠራ ሰው ቢመልስልኝ እመርጣለሁ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ለእኛስ የሚያዋጣ መንገድ ነው?

ሪያድ ያለሁት

ወንድሜ፣ እኔ ሪያድ በሰው ቤት የምሠራ ነኝ። ስለ ባለሀብቱ አላውቅም፤ ስለ ውሃው ግን ልንገርህ። እዚህም ቢሆን ቧንቧ በከፈትህ ቁጥር ውሃ ከመስመር በቀጥታ የሚመጣ እንዳይመስልህ። ግቢው ሥር የኮንክሪት ማጠራቀሚያ አለ። ከመስመር የመጣው እዚያ ይገባና በሞተር ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋል። መስመሩ ከዘገየ ቦቴ ይጠራል፤ እዚህ "ወይት" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ታሪፉ የጨመረ ጊዜ እመቤቴ የውሃውን ቢል ይዘው ወጥ ቤት ድረስ መጡ፤ ግቢውን በጎማ ማጠብ ቀርቶ በባልዲ ሆነ። ከወራት በኋላ ሚኒስትሩ ተነሡ ተብሎ በቤቱ ሲወራ ሰማሁ። ጎማውም ተመለሰ።

የጨው ውሃ ሠራተኛ

ልዩነቱን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። እኅታችን የነገረችን እውነት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ድረስ የመጀመሪያው እርከን በሜትር ኩብ 10 ሃላላ ነበር። ታሪፉ ሲነካ ጩኸቱ በረታ፤ የውሃና ኤሌክትሪክ ሚኒስትሩም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከሥልጣን ወረዱ። ሌላም ነገር አለ፦ ያልከው 41 ሳንቲም ማጣሪያው በር ላይ ያለው ዋጋ ነው። ሪያድ ከባሕሩ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ከፍታዋም 600 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃውን ወደዚያ መግፋት ለብቻው ወጪ አለው።

እኔ በምሥራቁ ጠረፍ በአንድ ማጣሪያ የጥገና ቴክኒሻን ነበርሁ። ባለሀብቱ ለቤተሰብ አንድ ጠብታ አይሸጥም። ገዢው አንድ ነው፤ እሱም የመንግሥት ኩባንያ ነው፤ ውሉ የ25 ዓመት፣ ዋሱ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር። ክፍያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የአቅም ክፍያ ነው፦ ማጣሪያው ለሥራ ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ውሃው ተወሰደም አልተወሰደም ይከፈላል፤ የባንኩ ዕዳ የሚመለሰው ከዚህ ነው። ሁለተኛው በተመረተው መጠን ልክ ለኤሌክትሪክና ለኬሚካል የሚከፈለው ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ስለ ዝናብና ስለ ታሪፍ አይጨነቅም። የሚያስጨንቀው "ዝግጁ" የሚለው ቃል ነው፤ የእኛን እንቅልፍ የሚነሣውም እሱ ነበር።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የባሕሩ ውሃ ከ60 ባር በላይ በሆነ ግፊት ሜምብሬን በሚባለው ስስ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ቆሻሻ ይዞ ከገባ ሜምብሬኑ ይደፈናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ መብራቱ ይበላል። ስለዚህ በየፈረቃው ከመጀመሪያው ማጣሪያ ውሃ እንቀዳና ከብርጭቆ አፍ በምታንስ ክብ ነጭ ወረቀት 15 ደቂቃ እናሳልፈዋለን። ወረቀቷ ክሬም መስላ ከወጣች ሰላም ነው። የሻይ መልክ ከያዘች ግን የፈረቃው ኃላፊ ስልክ ማንሣት ይጀምራል። የባሕር ጄሊ መንጋ የመጣ ቀንማ ወረቀትም አያስፈልግም፤ የመሳቢያው ወንፊት ላይ በአካፋ ስትዝቅ ትውላለህ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠጣው ውሃ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የቆመ ነው። ለፎቶ የሚቀርበው ሪባን መቁረጡ ብቻ ሆነ እንጂ።

ዋጋው የወረደው ባሕሩን አፍልቶ እንፋሎቱን ከማጠራቀም ወደዚህ ስለተሸጋገሩ ነው። አሁን ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ማፍላቱ ነዳጅ ይፈጃል፤ እነሱም ለብዙ ዓመታት ነዳጃቸውን ሲያነዱ ኖረዋል።

የአቦቦ ልጅ

ስንዴውንስ ለምን ዘለላችሁት? ያ መንግሥት ከባሕሩ ውሃ ሌላ ከምድር ሥር ያለውን የሺህ ዓመታት ውሃ እየሳበ ስንዴ አምርቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ምርቱ ወደ 4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። አንድ ኪሎ ስንዴ ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ከአገሩ ገበሬዎች ስንዴ መግዛቱን ቀስ በቀስ ለማቆም ወሰነ፤ በ2016 አበቃ። ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር መሬት ያዞሩትም ያኔ ነው። ሳውዲ ስታር የሚባለው የእርሻ ኩባንያ በጋምቤላ፣ በእኛ ወረዳ በአቦቦ 10 ሺህ ሄክታር ለሩዝ የያዘው፣ የአልዌሮን ግድብ ውሃ ታስቦ፣ በዚያው ዘመን ነው። ስለ ውሃ ኢንቨስትመንት ሲወራ ይህም በሒሳቡ ይግባ።

የሒሳብ ሰው

አመሰግናለሁ፣ የአቦቦውን ነገር በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ጋሼ፣ ያ ውል ለአዲስ አበባ ቢገለበጥስ?

የጨው ውሃ ሠራተኛ

የአቦቦው ልጅ ያለው ልክ ነው፤ ያ ውሃ አንዴ ከወጣ አይተካም።

ውሉን መገልበጥ አይከብድም፤ ሪያልን መገልበጥ ነው የሚከብደው። ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ከዶላር ጋር ታስሯል። በዶላር የተበደረ በሪያል ሲከፈለው አይደነግጥም። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የአቅም ክፍያው በዶላር የተተመነ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? የሚከፍለውም ውሃ ቢደርሰው ባይደርሰው ያው ነበር። ደግሞም ለገዳዲና ገፈርሳ ከሰማይ የሚሞሉ ናቸው፤ ጨው የማስወጣት ጣጣ የለብንም። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ መጀመሪያ መግባት ያለበት አርጅቶ መንገድ ላይ በሚያፈስሰው ቧንቧ ውስጥ ነው፤ ለሪባን ባይመችም።

እንዲህ ያለ የብድር ጥያቄ ጠረጴዛህ ላይ ከመጣ ግን የማጣሪያውን ሥዕል ተውና ሦስት ነገር ፈልግ፦ የአቅም ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደተተመነ፣ የመብራት ታሪፍ ሲጨምር ማን እንደሚሸከም፣ "ዝግጁ" የሚለውን ማን እንደሚለካው። የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አባሪ ውስጥ ነው።