ዣኦ ቱኦ የቪየትናም ንጉሥ ነው ወይስ ወራሪ?

ነገረኛው፦ ትናንት እዚሁ «ዣኦ ቱኦ የቪየትናም የመጀመሪያው ንጉሥ ነው» ተብሎ ሲለጠፍ ሁላችሁም ጭጭ? ሰውየው እኮ የቺን፣ ማለትም የጥንቱ የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ ጄኔራል ነው። ትውልዱ ሰሜን ቻይና፣ ዜንዲንግ። አለቃው ሲሞት ወደ ደቡብ የሚያስገቡትን በሮች ዘግቶ ናንዩዌ በሚባለው መንግሥት ላይ ነገሠ፤ ዛሬ ደቡብ ቻይናና ሰሜን ቪየትናም ነው። ወራሪ ነው፣ አለቀ።

ቀለሜዋ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የቪየትናሙ ሊቅ ንጉየን ቻይ እ.ኤ.አ. በ1428 አዋጁ የአገሩን ሥርወ መንግሥታት ሲጠራ ከማን ጀመረ? ከዣኦ ቤት። የታሪክ ጸሐፊው ሌ ቫን ሁውም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አሞግሶታል። ደግሞም አገሬውን መስሎ ነው የኖረው።

ነገረኛው፦ «አገሬውን መስሎ»! ጸጉሩን ስለጠቀለለ? በሰሜን ቪየትናም የነበረውን የአው ላክን መንግሥት ጠቅልሎ ሲውጥስ ማንን መስሎ ነው? የቪየትናሙ ታሪክ ጸሐፊ ንጎ ቲ ሲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሥታቱ ተርታ ያስወጣው ወዶ አይደለም።

ጋሽ ባሻ፦ ልጆች፣ ጸጉሩን አትናቁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ቺንን የተካው የሃን ሥርወ መንግሥት መልእክተኛ ሉ ጂያ ሲመጣ ጸጉሩን ቋጥሮ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነው የተቀበለው። ለሃን ሰው ትልቅ ንቀት ነው።

ነገረኛው፦ ጋሼ፣ እርስዎም? ሉ ጂያ ቻይና ያለውን የአባቶቹን መቃብር ጉዳይ ሲያነሳበት ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ እኮ። አገሬውን መስሎ!

ቀለሜዋ፦ መቃብር ተነስቶበት ማን ዝም ይላል? ያው ሰው የሃኗ እቴጌ ሉ ብረት እንዳይሸጥለት ስትከለክል ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሃንን ግዛት ቻንግሻን መታ። ይህንን ለምን ትዘለዋለህ?

ነገረኛው፦ አንቺስ? ቀጣዩ የሃን ንጉሠ ነገሥት ዌን የአባቶቹን መቃብር ሲያስጠብቅለት ማዕረጉን ጣለ።

አቦሉ፦ ጣለ? ለሃን ሲጽፍ ተገዢ፣ እቤቱ ንጉሠ ነገሥት። አራዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ጓንግዡ ውስጥ ከልጅ ልጁ መቃብር የወጣው የወርቅ ማኅተም ራሱ «ንጉሠ ነገሥት» ይላል።

ነገረኛው፦ ጓንግዡ የት ነው? ቻይና። በራስህ ላይ ጎል አገባህ።

አቦሉ፦ ዋና ከተማው ፓንዩ እዚያ ስለነበረ ነው! ያኔ ድንበሩን አንተ ነህ ያሰመርከው?

ጋሽ ባሻ፦ ቆይ፣ በቺን ዘመን ሹም የነበረ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ137 ሞተ ይባላል። ቺን እኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ206 አብቅቷል። መቶ ሊሞላው ነው እንዴ?

አቦሉ፦ መቶ አልፏል የሚሉም አሉ፣ ጋሼ።

ጋሽ ባሻ፦ ይሄ እንኳን አይዋጥልኝም።

ነገረኛው፦ ወሬ አታስቀይሩ! ቀለሜዋ «አገሬውን መስሎ» ያለችውን ታስረዳ።

ቀለሜዋ፦ አላስረዳም። አንተ መጀመሪያ ለንጉየን ቻይ መልስ ስጥ።