ማርኬት ኦርደር ካየሁት ዋጋ በላይ ገዛልኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

የማታ ፈረቃ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ አክሲዮን መግዛት ከጀመርኩ ገና አንድ ወር ነው። ማታ ከሥራ ስገባ አንዱ 21.40 ዶላር ይላል። 40 ፍሬ በማርኬት ኦርደር አዘዝኩና ተኛሁ። ጠዋት ሳየው በ23.10 ተገዝቷል። 68 ዶላር! አፑ ሸወደኝ እንዴ?

ሸገር፦ አልሸወደህም ወንድሜ። ማታ ያየኸው መጨረሻ የተሸጠበትን ዋጋ ነው። የኒውዮርክ ገበያ በእናንተ ሰዓት ጠዋት 9:30 ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ 4:00 ላይ ይዘጋል። ትእዛዝህ እስኪከፈት ተሰልፎ አደረ፤ ሲከፈት ሻጮቹ ዋጋ ጨምረው ጠበቁት። ማርኬት ማለት «በተገኘው ዋጋ አምጣልኝ» ነው። እንዲህ ላለው ሊሚት ይሻላል።

እህታችሁ፦ ልጅ ሽንኩርት ግዛ ብለን ስንልክ «ከዚህ በላይ ካሉህ ተመለስ» እንል የለ? ሊሚት እሱ ነው። 21.50 ብለህ ብታስገባ ከ21.50 በላይ አይገዛልህም። ግን ዋጋው እዚያ ካልወረደ ባዶ ዘንቢል ይዞ ይመጣል። እኔ ለጥቂት ሳንቲም ስሳሳ ስንቱ አምልጦኛል!

የማታ ፈረቃ፦ ገባኝ፣ ተባረኩ። አሁን ዋጋው ወርዶ 21 ሲደርስ እንዲሸጥልኝ ስቶፕ ላስገባ አስቤያለሁ። ከ21 በታች አልሸጥም ማለት ነው አይደል?

ሸገር፦ አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስቶፕ 21 ሲነካ ወደ ማርኬት ኦርደር ይለወጣል። ዛሬ 22 ላይ ቢዘጋና ሌሊት መጥፎ ዜና ወጥቶ ነገ በ18.50 ቢከፈት፣ የምትሸጠው እዚያው 18.50 አካባቢ ነው።

ዝም ባይ፦ ስቶፕ ሊሚትም አለ። ስቶፑን 21፣ ሊሚቱን 20.50 ብትል ከ20.50 በታች አይሸጥብህም። ግን በ18.50 ከተከፈተ ጭራሽ ሳይሸጥ ይቀርና አክሲዮኑን ታቅፈህ ሲወርድ ታያለህ። እኔ መውጣት ከፈለግኩ ተራውን ስቶፕ ነው የምመርጠው።

የማታ ፈረቃ፦ እሺ፣ ተራውን አስገባለሁ። ከታች «ዴይ» የሚል አለ፣ ልተወው?

እህታችሁ፦ ዴይ ከሆነ ገበያው ሲዘጋ ይሰረዛል፤ ነገ ስቶፕ አለኝ ብለህ እንዳትዘናጋ። እስክትሰርዘው የሚቆየውን፣ «ጂቲሲ» የሚለውን ምረጥ። እሱም አንዳንዱ አፕ ላይ ቀን ገደብ ስላለው መቼ እንደሚያበቃ እይ።