ለጀማሪ የሚሆን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ስካነር እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ አድማጭ»

ጤና ይስጥልኝ። በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ ስካነር (ብዙ ቻናሎችን በተከታታይ እያሰሰ የሚያሰማ መቀበያ) ለመግዛት ካሰብኩ ቆየሁ፤ ይሁን እንጂ የዕቃዎቹን መግለጫ ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ እየባሰ ሄዷል። አንዱ አናሎግ ብቻ እንደሚቀበል ይናገራል፤ ሌላው ፒ25 ምዕራፍ 2 የተባለውን የዲጂታል ሬዲዮ ሥርዓት እንደሚፈታ ይገልጻል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዲኤምአር እና ኤንኤክስዲኤን የተባሉ ሌሎች የዲጂታል ዓይነቶች የሚከፈቱት በተጨማሪ ክፍያ መሆኑን በትንንሽ ፊደል ከግርጌ ያሰፍራል። በዋናነት ለመስማት የምፈልገው የበረራ ግንኙነትንና የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩትን) ጭውውት ሲሆን፣ ከተቻለ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶችንም ብከታተል ደስ ይለኛል። ለጀማሪ ዲጂታል ስካነር የግድ ያስፈልገዋል ወይስ በአናሎግ መጀመር ይበቃል? ውዱን አንድ ጊዜ ገዝቼ ብገላገልስ? ደግሞም ርካሽ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ የስካነርን ሥራ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከ«ሞገድ አሳሽ»

ጤና ይስጥልኝ። ከዕቃው በፊት የሚሰማውን ነገር ለይቶ ማወቅ ስለሚቀድም፣ የዘረዘሯቸውን ፍላጎቶች አንድ በአንድ ልመልከታቸው፤ ምክንያቱም ሦስቱ በቴክኒክ ረገድ እጅግ የተለያዩ ናቸው።

የበረራ ግንኙነት ከሁሉም የቀለለው ነው። በመላው ዓለም አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ በኤኤም ነው፤ ይህም ዛሬም አናሎግ ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ እንደ ዩኒደን ቢሲ125ኤቲ ያለ፣ 500 ቻናል የሚይዝና በሁለት ተራ ባትሪ የሚሠራ አናሎግ ስካነር ከበቂ በላይ ነው። በአውሮፓ ቻናሎቹ በ8.33 ኪሎኸርዝ ርቀት ስለተደረደሩ፣ እዚያ የሚኖር ሰው ስካነሩ ይህንን እርምጃ መቁጠር መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። አማተር ሬዲዮም ቢሆን በ144 እና በ430 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚገኙት ክልሎቹ በብዛት የሚሰማው ተራ ኤፍኤም ነው፤ እርግጥ ነው፣ ዲ-ስታር፣ ዲኤምአር እና የያኤሱ ሲ4ኤፍኤም የተባሉትን የዲጂታል ዓይነቶች የሚጠቀሙ ሪፒተሮችም (ምልክት ተቀብለው አጉልተው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች) አሉ።

ነገሩ የሚወሳሰበው በሦስተኛው ፍላጎትዎ ላይ ነው። የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል። በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ፒ25 የተለመደ ሲሆን፣ በአብዛኛው አውሮፓና በሌሎች በርካታ አገሮች ደግሞ ቴትራ የተባለ ሌላ ዲጂታል ሥርዓት ተስፋፍቷል። በገበያ ላይ ስማቸው የገነነው የእጅ ስካነሮች ቴትራን ጨርሶ አይፈቱም፤ ቴትራን ከሚያውቁት ጥቂት የእጅ መቀበያዎች አንዱ የኤኦአር ኤአር-ዲቪ10 ነው፣ እሱም ቢሆን ምስጠራ የሌለበትን ብቻ።

ምስጠራን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚያዝኑበት ጉዳይ ይኸው ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። «ዲጂታል» እና «የተመሰጠረ» አንድ አይደሉም። ዲጂታል ድምፅ ማለት ንግግሩ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ተላከ ማለት ብቻ ነው፤ ደንቡን የሚያውቅ ስካነር መልሶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የተመሰጠረው ግን ቁልፍ ስላለው፣ የቱንም ያህል ውድ የሆነ ስካነር ቢይዙ አይከፍተውም። ስለዚህ ሊያዳምጡት ያሰቡት አገልግሎት ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ከሆነ፣ ለዲጂታል የከፈሉት ገንዘብ ዝምታን መግዣ ይሆናል።

የእጅ መገናኛ ሬዲዮውን በተመለከተ አጭሩ መልስ «አይሆንም» ነው። ቻናል የሚያስሰው በጣም በዝግታ ነው፤ ብዙዎቹም የበረራውን ኤኤም አይቀበሉም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስተላለፍ ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ሳለ ቁልፉ በስህተት ቢጫን በነፍስ አድን ሥራ መካከል ገብቶ ማወክን ሊያስከትል ይችላል። ስካነር የሚቀበል እንጂ የሚናገር መሣሪያ ባለመሆኑ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው።

በመጨረሻም ሕጉን ይጠይቁ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሬዲዮ ሕግ ለእርስዎ ያልታሰበን መልእክት ሆን ብሎ ማዳመጥን ይከለክላል፤ በአሜሪካ ማዳመጡ በአብዛኛው የተፈቀደ ቢሆንም የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገዶች በስካነሮች ላይ እንዲታገዱ ሕጉ ያስገድዳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቤት ውስጥ የተፈቀደው በመኪና ውስጥ የተከለከለ ነው።

መልስ፦ ከ«ባለ ዶንግሉ»

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ እርምጃ ቀርቷል እላለሁ። በአካባቢዎ አየር ላይ ምን እንዳለ በወሬ ሳይሆን በዓይንዎ ማየት የሚችሉበት ርካሽ መንገድ አለ፤ እሱም አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው የዩኤስቢ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ነው። ውስጡ ያለው አርቲኤል2832ዩ የተሰኘ ቺፕ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ግን ጥሬውን የሬዲዮ መረጃ ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ታወቀና ለእኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ በር ከፈተ። አር820ቲ የተባለውን መቃኛ የያዘው ዓይነት ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሸፍናል።

ዶንግሉን ኮምፒውተርዎ ላይ ሰክተው የሞገዱን ምስል በስክሪን ሲከፍቱ ልዩነቶቹ ቶሎ ይገለጡልዎታል። ሰው ሲናገር ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ መስመር ተራ ቻናል ነው። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ የትራንኪንግ ሥርዓት (ብዙ ተናጋሪዎች ጥቂት ቻናሎችን በየተራ የሚጋሩበት አሠራር) መቆጣጠሪያ ቻናል ነው። በተራ የኤፍኤም መቀበያ ሲያዳምጡት ፒ25 ያልተቋረጠ ሻካራ ጩኸት ያሰማል፤ ከእጅ ሬዲዮ የሚወጣ ዲኤምአር ደግሞ በጊዜ ቁራጭ ስለሚላክ «ትርርር» እያለ እንደሚቆራረጥ ይሰማል። ጆሮህ ከለመደ በኋላ ያለ ምንም ሶፍትዌር ትለያቸዋለህ ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር፤ አሁን ግን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ኤስዲአርትራንክ ወይም ዲኤስዲ ፕላስ የተባሉትን ፕሮግራሞች ቢጭኑ፣ ሥርዓቱ ምን እንደሆነ፣ የትኞቹ የንግግር ቡድኖች (አብረው የሚነጋገሩ ተጠቃሚዎች) እንደሚሠሩበትና የትኞቹ እንደተመሰጠሩ ይነግሩዎታል። ይህንን ካወቁ በኋላ ነው ወደ ሻጭ መሄድ ያለብዎ። ጉድለቱን አልደብቅም፦ ዶንግሉ ጠንካራ የኤፍኤም ጣቢያ በአቅራቢያው ካለ በቀላሉ ስለሚደነቁር ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የሚያግድ ማጣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ላፕቶፕ ተሸክሞ መንገድ ላይ መቆምም የእጅ ስካነርን አይተካም።

መልስ፦ ከ«የማማ ጎረቤት»

እኔ የምጨምረው ገዢዎች ከገዙ በኋላ ብቻ የሚያውቁትን ሲሙልካስት የሚባል ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ከተሞች የፒ25 ሥርዓት አንድን ንግግር ከበርካታ ማማዎች በተመሳሳይ ሞገድ፣ በተመሳሳይ ቅጽበት ያሰራጫል። የባለሙያዎቹ ሬዲዮ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው። በሁለት ማማዎች መካከል የቆመ ስካነር ግን አንዱን መልእክት በማይክሮ ሰከንድ ልዩነት ደጋግሞ ይቀበላል፤ ሦስት ሰው አንዱን መዝሙር እኩል ሳይጀምር ሲያዜመው ቃሉ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይደራረቡና ድምፁ ይሰባበራል።

ምልክቱን ልብ ይበሉ፦ በስክሪኑ ላይ የሞገድ ጥንካሬ ማሳያው ሙሉ ነው፤ ድምፁ ግን እንደ ተቆራረጠ ሮቦት ነው ወይም ጨርሶ የለም። ጀማሪ ይህንን ሲያይ ሞገዱ የደከመ ይመስለውና ትልቅ አንቴና ይገዛል፤ ይህ ደግሞ ሌሎች ማማዎችን ጨምሮ ስለሚያስገባ ነገሩን ያብሰዋል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው። የመቀነሻ ቁልፉን (የሚገባውን ሞገድ የሚያደክመውን) ማብራት፣ አጭር አንቴና መጠቀም፣ ወይም ስካነሩን ከደረት ጋር አስጠግቶ ሰውነት አንዱን ማማ እንዲከልል ቀስ እያሉ መዞር ይጠቅማል። በ850 ሜጋኸርዝ አንድ ሙሉ ሞገድ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ማንሳት እንኳ ዝምታን ወደ ጥርት ያለ ንግግር ሊለውጥ ይችላል።

ይህንን ችግር በዲዛይኑ ለመፍታት ተብሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበው የዩኒደን ኤስዲኤስ100 ነው። በአካባቢዎ ሲሙልካስት ካለ ተጨማሪው ወጪ ምክንያት አለው፤ ከሌለ ግን ቀደም ያሉት ሞዴሎች፣ ለምሳሌ የዚያው አምራች ቢሲዲ436ኤችፒ ወይም የዊስለር ቲአርኤክስ-1፣ ሥራውን ይሠራሉ። ኤስዲኤስ100ን ያለ ምክንያት የሚገዛ ሰው ትልቅ ስክሪንና ባትሪ በላተኛ ዕቃ ነው የሚያተርፈው።

ጥያቄ የቀጠለ፦ ከ«አዲስ አድማጭ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ዶንግሉን ተውሼ ሞከርኩ። የእሳት አደጋ አገልግሎቱ በ850 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚሠራ የፒ25 ምዕራፍ 2 ሥርዓት ላይ እንዳለና ንግግሩ እንዳልተመሰጠረ አረጋግጫለሁ፤ አምቡላንሱ ግን ተመስጥሯል። ሥርዓቱ ሲሙልካስት እንደሆነም ተነግሮኛል። በተጨማሪ አንድ የአማተር ዲኤምአር ሪፒተር አለ። አይኮም አይሲ-አር30 የተባለው የእጅ መቀበያ በጣም ማርኮኛል፣ ምክንያቱም እስከ 3,300 ሜጋኸርዝ ድረስ ይቀበላል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ከ«ሞገድ አሳሽ»

ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ አሁን መልሱ ቀላል ሆኗል።

አይሲ-አር30 እጅግ ጥሩ መቀበያ ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። ከዲጂታሎቹ መካከል ዲ-ስታርን፣ ፒ25 ምዕራፍ 1ን፣ ኤንኤክስዲኤንን እና ዲፒኤምአርን ይፈታል፤ ምዕራፍ 2ን እና ዲኤምአርን ግን አይፈታም፤ ትራንኪንግንም አይከተልም። ምዕራፍ 1 በአንድ የ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል አንድ ንግግር ብቻ ያሳልፋል፤ ምዕራፍ 2 ያንኑ ቻናል በጊዜ ለሁለት ስለሚከፍለው፣ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ሁለተኛውን ሲሰማ የሚያገኘው ጫጫታ ነው። ትራንኪንግን አለመከተሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ተናጋሪዎች ቋሚ ቻናል የላቸውም፣ በየንግግሩ መቆጣጠሪያ ቻናሉ ወደ ባዶ ቻናል ይመድባቸዋል። ይህንን መመሪያ የማያነብ መቀበያ የጥያቄውን መጀመሪያ ከአንዱ፣ የመልሱን መጨረሻ ከሌላው እየለቃቀመ ያውላል። የሚሸፍነው ሰፊ ክልል ደግሞ እርስዎ ከማይሰሙት ነገር ጋር ነው የሚያያዘው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኤስዲኤስ100 ነው። ፒ25 ምዕራፍ 1 እና 2 አብረውት ይመጣሉ፤ ዲኤምአር ግን መጀመሪያ ያነበቡት በተጨማሪ ክፍያ የሚከፈት አማራጭ ስለሆነ ወጪውን አብረው ያስሉ። ለአንድ አማተር ሪፒተር ሲሉ ወዲያው መክፈል የለብዎትም፣ በኋላም ይከፈታል። በረራውንም ይሰማል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አብሮት የሚመጣው የመረጃ ቋት የአሜሪካንና የካናዳን ሥርዓቶች የያዘ ነው፤ የፖስታ ኮድ አስገብቶ ወዲያው ማዳመጥ የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሥርዓቱን በአምራቹ ነፃ ፕሮግራም በእጁ ማስገባት ይኖርበታል። እርስዎ ግን የመቆጣጠሪያ ቻናሉን ሞገድና የንግግር ቡድኖቹን ቁጥር በዶንግሉ ስላገኙ አይቸገሩም። በመጀመሪያ አንዱን ሥርዓትና የእሳት አደጋውን ዋና ቡድን ብቻ ያስገቡ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ያጨናነቀ ሰው ስካነሩ ዝም ሲል ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም።

አንቴናው ደግሞ እንደሚሰማው ነገር ይቀያየር። ለቀላል አንቴና የሚስማማውን የሩብ ሞገድ ርዝመት በሴንቲሜትር ለማግኘት 7,500ን በሜጋኸርዙ ያካፍሉ፤ ለበረራው 60 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለ850 ደግሞ ከ9 ትንሽ ያነሰ ይመጣል። አንድ አንቴና ለሁለቱ እኩል ሊሆን እንደማይችል ከዚሁ ይታያል፤ ስለዚህ ለእሳት አደጋው አጭሩን፣ ለአውሮፕላኑ ረጅሙንና የሚሳበውን ይያዙ። የስካነሩ የአንቴና መሰኪያ ኤስኤምኤ የተባለው ትንሽ ባለ ጥርስ ዓይነት ስለሆነ አንቴና ሲገዙ ይህንኑ ያረጋግጡ፤ ደጋግሞ መፍታትና ማጥበቅ ያንን ቀጭን ጥርስ ስለሚያላላው፣ ወደ ቢኤንሲ (ሌላ ዓይነት የአንቴና መሰኪያ) የሚለውጠውን መቀየሪያ አንዴ አስረው እዚያው ላይ ይተዉት።

መልስ፦ ከ«የማማ ጎረቤት»

ሲገዙ ፈርምዌሩን (የስካነሩን ውስጣዊ ፕሮግራም) ወዲያው ያድሱት፤ ከዚያም በመቀበያው ቅንብር ውስጥ ያሉትን የማጣሪያ ዓይነቶች በአንዱ ማማ ስር ሳይሆን በሚያዳምጡበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይሞክሯቸው። በእኔ ቤት የሚሠራው ከመስኮቱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ መቀነሻው በርቶ ነው፤ በእርስዎ ቤት የት እንደሚሆን ስካነሩን ይዘው ክፍሉን ካልዞሩ በቀር ማንም ሊነግርዎት አይችልም።