መቃተትና ማቃሰት አንድ ናቸው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለቤቱ። ሮሜ 8ን በጉባኤ ጮክ ብዬ እንዳነብ ተራው ደርሶኛል። ስለማመድ ቁጥር 22 ላይ ቆምኩ። «ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን ድረስ አብሮ በመቃተትና በምጥ መኖሩን እናውቃለንና» ይላል። መቃተት ማለት ማቃሰት ነው እንዴ? ከሆነ፣ ሁለት ቁጥር አልፎ «በተስፋ ድነናልና» ማለቱ ግራ ገባኝ። የሚያቃስት ሰው ምን ተስፋ አለው?

ብራና፦
በእኔ ጆሮ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የገባኝ እናቴን ሳስታምም ነው። ሌሊት ታቃስት ነበር። ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ አይላቀቅም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል። ግማሹን ጊዜ ማቃሰቷን ራሷም አታውቀውም። ሲነጋ ደግሞ ቀና ብላ ለመቀመጥ ትሞክራለች። ክርኗን ፍራሹ ላይ ትተክላለች፤ የአንገቷ ሥር ይገታተራል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ላግዝሽ ስላት እጄን ትገፋዋለች። ያኔ ትቃትት ነበር። ሕመሙ ያው የሌሊቱ ነው፤ ቃሉ ግን ሌላ ነው።

ማቃሰት ከሕመም የሚወጣ ድምፅ ነው። መቃተት ግን መድረሻ አለው። ከባድ ነገር ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ይቃትታል እንጂ አያቃስትም። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥4 መቃተትን የሚያነሣው ከሸክም ጋር ነው።

ደግሞ ሮሜ 8 ላይ ማን ማን እንደሚቃትት ቁጠር። ቁጥር 22 ላይ ፍጥረት፣ 23 ላይ እኛ፣ 26 ላይ መንፈስ ራሱ። መንፈስ አይታመምም። ታዲያ «በማይነገር መቃተት» ይማልድልናል የተባለው የበሽተኛ ድምፅ ቢሆን ምን ይባላል? እዚያው ቁጥር ላይ «ድካማችንን ያግዛል» ይላል። የግሪኩ ግስ ሸክምን ከሌላው ጋር ሆኖ በወዲያኛው ጫፍ መያዝ ነው። ማርታ ስለ እኅቷ «እንድታግዘኝ ንገራት» ስትል (ሉቃስ 10፥40) ያለውም ይኸው ግስ ነው። ወዲያኛውን ጫፍ የያዘ ደግሞ አብሮ ይቃትታል።

ዝምተኛው፦
ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ሊሞት የተቃረበም «ሲቃትት አደረ» ይባላል። እሱ ወዴት እየወጣ ነው?

ብራና፦
ይባላል፣ አልክድም። እሱም ቢሆን የሚታገለው ለትንፋሽ ነው ልልህ እችላለሁ፤ ግን ድርቅ አልልም። ሁለቱን አቀያይሮ የሚናገር ሞልቷል። ተረቱን ካነሣህ አይቀር፣ እኔን ያሳመነኝ ያው ምጡ ነው። ጳውሎስ ከመቃተት ጎን ምጥን ባያስቀምጥ ኖሮ እኔም በተጠራጠርኩ። ምጥ ያማል። በሽታ ነው ብሎ የሚጠራው ግን የለም።

የፊደል እናት፦
ልጆች፣ ተስፋንስ ዝም ብላችሁ ልታልፏት ነው? ግሪኩ ሁለት ቃል አለው። ኤልፒስ የሚጠብቀው ሰው ተስፋ ነው፤ ኤፓንጌሊያ ደግሞ ሰጪው የገባው ቃል። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ተስፋ» ይላቸዋል። ኤፌሶን 1፥13 ላይ «የተስፋው መንፈስ» ሲባል ቃል የተገባልን መንፈስ ማለት ነው። ሮሜ 8፥24 ላይ ያለው ግን የእኛው መጠበቅ ነው። በአማርኛ የምንለየው በግሱ ነው፤ አንዱ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላው ተስፋ ያደርጋል። አንዳንዱ ይህ የአማርኛ ድህነት ነው ይላል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ተስፋ የማደርገው ተስፋ የሰጠኝ ስላለ ነው፤ ቃሉም ሁለቱን አላላቀቃቸውም።

ተስፋ «መቁረጥ» የሚለውንም እዩት። የሚቆረጥ ክር ነው፣ ገመድ ነው። ዕብራይስጡ ቲቅቫ ተስፋም ነው፣ ክርም ነው። ኢያሱ 2፥18 ላይ ረዓብ በመስኮቷ እንድታስረው የተነገራት ቀይ ፈትል የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። አማርኛው ከዚያ ወሰደ ማለቴ አይደለም። መግጠሙ ግን ደስ ይላል።

ቃል ለቃሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አንድ የመጨረሻ፣ አትሳቁብኝ። ቁጥር 23 «የመንፈስ በኵራት ያለን» ይላል። እስከ ትናንት ድረስ «በመኩራት» ማለት ይመስለኝ ነበር!

የፊደል እናት፦
አይዞህ፣ ብዙ ሰው ነው። ከ«በኵር» የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰ ፍሬ። ሌላው ጊዜ በኵራቱን ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ሰጪው እሱ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥22 ደግሞ «መያዣ» ይለዋል። ዛሬ ቢተረጎም እኔ «ቀብድ» እል ነበር። መያዣ ዕዳው ሲከፈል ለባለቤቱ ይመለሳል። ቀብድ ግን ከዋጋው ላይ ይታሰባል፤ ቀሪው ይመጣል ማለት ነው።

ቃል ለቃሚ፦
ገባኝ። እሷ ቃል ላይ ስደርስ ረጋ እላለሁ። አምና ያነበበው ልጅ ደረቱን ነፍቶ ነው ያለፋት።