ኪዮቶ ላይ አንድ ምሽት፦ የሳኬ፣ የሸክላ፣ የእራትና የኮክቴል ቱር ያዋጣል ወይ?

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። በኖቬምበር መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር ጃፓን እንሄዳለን። ቶኪዮ ዘመድ ስላለን እዚያ አንቸገርም። ኪዮቶ ግን የምንቆየው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፣ ነጻ የሆነልን ደግሞ አንዱ ምሽት። ኢንተርኔት ላይ የምሽት ቱር አየሁ፦ መጀመሪያ ሸክላ፣ ከዚያ ሳኬ (የጃፓኖቹ የሩዝ መጠጥ) ቅምሻ፣ ከዚያ እራት፣ ማሳረጊያው ኮክቴል ባር። አራት ሰዓት ይፈጃል ይላል። ዋጋው ለሁለታችን ከሆቴሉ አዳር ይበልጣል፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ይሄን ነገር ራሳችን ዞረን ማየት አንችልም ወይ? ባለቤቴ አልኮል አትቀምስም። ያ ምሽት ደግሞ ዓርብ ነው፣ እሷ ጾመኛ ናት፣ እኔ እንኳ ያው ታውቁኛላችሁ። ስለ ሳኬ የማውቀው ሱሺ ቤት ሞቅ አድርገው ያመጡልኝን ብቻ ነው፣ እውነት ለመናገር አልጣመኝም።

ሚሚ_ኦሳካ

ናቲ፣ ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ ሸክላውን የምናየው በስንት ሰዓት ነው? ኪዮቶ ሱቁን በጊዜ የሚዘጋ ከተማ ነው። ወደ ኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ያሉት የሸክላ ሱቆች አብዛኞቹ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋሉ (በእኛ ሰዓት ነው የምጽፈው)። የሳኬ ጠማቂዎቹም እንደዚያው ናቸው። ፉሺሚ በሚባለው ሰፈር ያለው የጌኬይካን (ሳኬ ጠማቂ ቤት ነው) ሙዚየም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ስለዚህ የምሽት ቱር ሲሉህ ጠመቃ ቤት ሳትረግጥ ባር ተቀምጠህ መቅመስ ማለት ሊሆን ይችላል። እሱም አይከፋም፣ ግን አውቀህ ክፈል።

እኔ ብሆን ከሰዓቱን ለፉሺሚ እሰጠው ነበር። ከጊዮን ሺጆ ጣቢያ በኬይሀን ባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቹሾጂማ ላይ ትወርዳላችሁ። ሰፈሩን የሳኬ ሰፈር ያደረገው ውሃው ነው። ጎኮኖሚያ የሚባል መቅደስ ግቢ ውስጥ ምንጭ አለ፣ የሰፈሩ ሰው በላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳ ይሄዳል። እናንተም ቅመሱት፣ ማንም አይከለክላችሁም። የፉሺሚ ውሃ ማዕድኑ ትንሽ ስለሆነ ፍላቱ በዝግታ ይሄዳል፣ ሳኬውም ለስለስ ይላል። ኮቤ ከተማ አጠገብ ናዳ የሚባል ሌላ የሳኬ ሰፈር አለ፣ የእሱ ውሃ ግን ማዕድን የበዛበት ነው፣ እርሾው ይፈጥናል፣ ሳኬውም ደረቅና ቆፍጠን ያለ ይሆናል። ጌኬይካን ከ1637 ጀምሮ ፉሺሚ ላይ ሲጠምቅ የኖረ ቤት ነው፣ ሙዚየሙ ውስጥ የድሮ በርሜሎቹንና ዕቃዎቹን ታያላችሁ፣ መውጫው ላይ ቅምሻ አለ።

አሠራሩ ጠላ ሲጠመቅ ላየ ሰው አይከብድም። ጠላ ላይ ብቅሉ እህሉን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል። ሳኬ ላይ የብቅሉን ሥራ የሚሠራው ኮጂ ነው፣ በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ሆን ብለው የሚያበቅሉት ሻጋታ። ሁለቱ ሥራ አንድ በርሜል ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሳኬ እንደ አረቄ ሳይወጣ 20 በመቶ አልኮል ድረስ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት 15 ወይም 16 ሆኖ ነው ጠርሙስ የሚገባው። ይሄ በኮጂ የመጥመቅ ሙያ በፈረንጆቹ 2024 ዩኔስኮ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ያልጣመህን ነገር በተመለከተ፣ ሱሺ ቤት አሙቀው የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ ርካሹን ነው። ቀዝቃዛ ጊንጆ እዘዝ። ጊንጆ ሩዙ ተፍቆ ተፍቆ 60 በመቶው ወይም ከዚያ በታች የቀረው ነው፣ ዳይጊንጆ ደግሞ 50 ወይም ከዚያ በታች። ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል። እሱን ካየህ በኋላ ጁንማይ፣ ማለትም ከጠመቃው ሌላ አልኮል ያልተጨመረበትን፣ 40 ዲግሪ ላይ ለብ አስደርገህ ሞክረው። ከዚያ አልወደድኩትም ካልክ አምንሃለሁ።

በላይ_ካዛንቺስ

ሚሚ የቀኑን ፕሮግራም አሳምራ ነግራሃለች፣ ምሽቱ ላይ ግን አልስማማም። ኪዮቶ ላይ ማታ ብቻህን ስትዞር የምታየው የተዘጋ የእንጨት በር ነው። ጥሩዎቹ ባሮች ስምንት ወይም አሥር ወንበር ያላቸው ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወይም ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው የምታገኛቸው፣ ምልክታቸው በጃፓንኛ የተጻፈች ትንሽ ሰሌዳ ናት። ጊዮን ውስጥ ደግሞ አስተዋዋቂ ከሌለህ ጭራሽ የማያስገቡ ቤቶች አሉ። ጥቁር ስለሆንን አይደለም፣ ጃፓናዊውንም ይመልሱታል። ሂሳቡ በኋላ የሚላክበት የዱሮ ልማድ ስላለ የማያውቁትን ሰው አያስተናግዱም። ቱሩ እነዚያን ቤቶች አያስከፍትልህም፣ ትንንሾቹን ባሮች ግን ያስከፍትልሃል። እኔ የምከፍለው ለዚያ ነው። አስጎብኚው ባለቤቱን በስሙ የሚጠራ ከሆነ ምሽቱ ሌላ ነው።

ብቻችሁን ከሄዳችሁ ይሄን እወቁ። ቁጭ እንዳላችሁ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። በስህተት የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ የመቀመጫ ሂሳብ ነው፣ ተራ መጠጥ ቤት ከ300 እስከ 500 የን ገደማ፣ ኮክቴል ባር ከፍ ይላል። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፣ ብትተው ሮጠው ይመልሱልሃል። ሳኬ ስትጠጣ የራስህን አትቅዳ። የጓደኛህን ትቀዳለህ፣ እሱ ያንተን ይቀዳል። (የኪዮቶ ከተማ በ2013 ጽዋ የምታነሱት በሳኬ ይሁን የሚል ደንብ አውጥቷል። ቅጣት ግን የለውም፣ አትፍራ።) ቅጣት ያለው ሌላ ነው፦ ጊዮን ውስጥ የግል ቅያሶች ገብተህ ጌሻ (ባህላዊ የዘፈንና የጭፈራ ባለሙያ ሴት) ፎቶ አነሳለሁ ካልክ 10,000 የን ነው።

ኮክቴሉን አትናቀው። የጃፓን ባርቴንደር በረዶውን ከትልቅ ጥርት ያለ ግግር በቢላ ነው የሚጠርበው፣ ብርጭቆው ልክ እስኪገባ ድረስ። ቶሎ ስለማይሟሟ መጠጡ አይቀጥንም። ቁጭ ብለህ ስታየው ራሱ ያዝናናል። ኪዮቶ ውስጥ የሚወጣ ኪ ኖ ቢ የሚባል ጂን አለ፣ የሩዝ አረቄ ላይ ዩዙ (እንደ ሎሚ ያለ ፍሬ)፣ ሳንሾ በርበሬና አረንጓዴ ሻይ ገብቶበት። በእሱ ጂን ቶኒክ እዘዝ። ሳኬ ላይ ጠንካራ ነገር መደረብ ካልፈለግክ ደግሞ ባምቡ በላቸው፣ ሼሪና ደረቅ ቬርሙዝ ነው (ሁለቱም የወይን ዓይነት ናቸው)፣ የታወቀው ከዮኮሃማ ነው፣ አናት ላይ አይወጣም።

ጉልቻ

ስለ ሸክላው ማንም አልተነፈሰም! ለእኔ ግን ምሽቱን ከተራ መጠጣት የሚለየው እሱ ነው።

ኪዮቶ የራሷ ጥሩ አፈር ብዙም የላትም። ሸክላ ሠሪዎቹ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ቀላቅለው ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ የኪዮሚዙ ሸክላ ይሄ ነው ብለህ በአንድ መልክ አታውቀውም። ቀለም የተቀባ አለ፣ ስስ ፖርሴሊን አለ፣ ሻካራም አለ። ቢዘን የሚባለው ከኦካያማ አካባቢ የሚመጣው ደግሞ ምንም አይቀባም፣ እቶን ውስጥ አመዱና እሳቱ የሳሉበት ብቻ ነው። ሱቅ ስትገባ ጽዋዋን ገልብጠህ እግሯን እይ። እዚያ ጋ ቅባቱ ስለሚቆም የአፈሩ እውነተኛ ቀለም ይታያል። በጣትህ ዙሪያዋን ዳብስ፣ ከሻከረ ጠረጴዛህን ይቧጭረዋል። ሻጩ ስትገለብጥ ካየህ በሌላ ዓይን ነው የሚያይህ። ግን በሁለት እጅ ያዛት፣ ከጠረጴዛው ላይም ብዙ አታንሳት።

ቅምሻ ላይ ነጭ ሆና ታችዋ ላይ ሁለት ሰማያዊ ክብ ያላት ስኒ ይሰጡሃል። ጌጥ አይደለችም። የጠማቂዎች መፈተሻ ናት። ነጩ ላይ ሳኬው ቢጫ መምታቱን ታያለህ። የሰማያዊው ክብ ጠርዝ ደብዘዝ ካለብህ ሳኬው ጥርት አላለም ማለት ነው። አስጎብኚው ጎበዝ ከሆነ አንዱን ሳኬ በሦስት ዕቃ ያስቀምስሃል፦ በጠባብ ብርጭቆ፣ በስስ ፖርሴሊን፣ በወፍራም ቢዘን። ሽታውም ምላስህ ላይ የሚያርፍበትም ይለያያል። ቱሩ ይሄ ከሌለው ሸክላውን ለማስታወቂያ ነው የጻፉት።

ቀን ላይ ጊዜ ካላችሁ ጎጆዛካ አጠገብ የካዋይ ካንጂሮ ቤት አለ። በ1966 ያረፈ ትልቅ ሸክላ ሠሪ ነው፣ መንግሥት የሕያው ቅርስነት ማዕረግ ሲሰጠው አልፈልግም ያለ ሰው። ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፣ ጓሮው ላይ ዳገቱን ተከትሎ የሚወጣው የእንጨት እቶን እንዳለ ነው። ያ ሰፈር ድሮ እንደዚህ ባለ እቶን የተሞላ ነበር፣ በጭሱ ምክንያት ቀረ። ሰኞ ዝግ ነው።

ወለቴ_ፍራንክፈርት

የጾሙ ነገር ይከብዳል፣ አትዘናጉ። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ መረቁ ነው። አትክልት ያልከው ሁሉ የሚቀቀለው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ደርቆ ከታጠነ ዓሣ ይሠራል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አትክፈቱብኝ።) ቶፉው ንጹህ ሆኖ ማጥቀሻው ዓሣ ይኖርበታል። ከባሕር አረም ብቻ የሚሠራ ኮምቡ ዳሺ አለ፣ ግን ቀድሞ መነገር አለበት። ቦታው ላይ ተቀምጦ ማዘዝ አይሠራም። ቱሩን ስትይዙ ጻፉላቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። በጃፓንኛ አስጽፋችሁ ስልክ ላይ ያዙት።

የመነኮሳቱ ምግብ፣ ሾጂን የሚባለው፣ ከእኛ ጾም ጋር በደንብ ይሄዳል። ከእንስሳ ምንም የለውም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለውም። ብዙዎቹ ቤቶች ግን በምሳ ሰዓት ነው የሚያስተናግዱት። የዓርቡን ምሳ እዚያ ብላችሁ ማታ ዩባ (የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚጋገረው) ብትይዙ ባለቤትህ አትራብም። ለመጠጥ ከኮጂ የሚሠራ አማዛኬ አለላት፣ አልኮል የለውም፣ ጣፋጭ ነው። ከሳኬ አተላ የሚሠራውም ያው አማዛኬ ይባላልና የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሃያት_ሻርጃ

ወለቴ ላይ ልጨምር። አልኮል ምግብ ውስጥም እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው ሚሪን የለበትም ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሚሪን የሩዝ ወይን ነው፣ ሾርባውም ስጎውም ውስጥ ይገባል። ባለቤትህ መጠጡን ብቻ ነው ወይስ ጭራሽ የማትነካው? ለሁለቱ መልሱ ይለያያል። በነገራችን ላይ ትንንሾቹ ባሮች አንዳንዶቹ አሁንም ሲጋራ ያስጨሳሉ፣ እሷ የሚያስቸግራት ከሆነ እሱንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጻፍኩላቸው። ሸክላውን «ከውጭ በመስኮት እናያለን» አሉኝ፣ ጉልቻ ይሄን ስታነብ ደምህ እንደሚፈላ አውቃለሁ። የጾሙን «እንሞክራለን» ነው ያሉት። ስለዚህ ትቼዋለሁ። ከሰዓት ፉሺሚና የካንጂሮ ቤት፣ ማታ ደግሞ አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ ለባሮቹ። ጋሽ በላይ፣ ምክርህን በግማሽ ተቀብያለሁ። ሃያት፣ መጠጡን ብቻ ነው። አንድ የቀረኝ፦ ሳኬ ወደ አሜሪካ ይዞ መመለስ ይቻላል? ፖንቶቾ በሚባለው ቅያስ ወንዙ ላይ እራትስ?

ሚሚ_ኦሳካ

ሁለቱን በአንድ ከሰዓት አታጨናንቁ፣ የካንጂሮን ቤት ጠዋት አድርጉት፣ ፉሺሚ ምሳ በልታችሁ።

የወንዙ ላይ መደብ የበጋ ነገር ነው፣ ከሜይ ጀምሮ ነው የሚዘረጋው፣ በኖቬምበር ተነሥቷል። ፖንቶቾ ውስጥ ግን ገብታችሁ እለፉ፣ ቅያሷ ጠባብ ናት፣ ማታ ፋኖሷ ያምራል።

ሳኬውን 720 ሚሊ ጠርሙስ ግዙ፣ 1.8 ሊትሩ ሻንጣ ይሰብራል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ አስገቡት። አሜሪካ ስትገቡ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ያልፋል፣ ባለቤትህ ባትጠጣም የሷን ድርሻ ተጠቀምበት፣ ሃሃ። ናማ የሚል ከሆነ ግን አትግዛው፣ ጀርሙ በሙቀት ያልተገደለ ስለሆነ ፍሪጅ ካልገባ ይበላሻል፣ ሜሪላንድ እስኪደርስ ጣዕሙ ሌላ ይሆናል። ጽዋዎቹን በእጅ ያዟቸው።