ነገ ፈተና ነው፤ ለስደተኛ ልጆች ወረቀቱን እንዴት ላስተካክል?

ጠመኔ ያለቀባት፦ አፋጣኝ ነው! ነገ ጠዋት የሒሳብና የሳይንስ ፈተና አለ። 7 ስደተኛ ልጆች ባለፈው ፈተና ከ20 ያገኙት 3 እና 4 ነው። በእረፍት ሰዓት ግን እንደማንም ያወራሉ። ርዕሰ መምህሩ «ለሁሉም አንድ ፈተና» ብለዋል። ወረቀቱ ማታ ይባዛል። ምን ልቀይር?

ሰዓት ጨምሩ፦ ተጨማሪ ሰዓት ስጫቸው። 1 ሰዓቱን 1 ሰዓት ተኩል አድርጊው።

አንጋፋው፦ እህቴ፣ የጨዋታ ቋንቋ ሌላ፣ የትምህርት ቋንቋ ሌላ። በካናዳ የሠሩት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1979 ለይተው አስቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው 2 ዓመት ገደማ ሲበቃው ሁለተኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የምዘና ፍልስፍናችን...

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው እኮ! 7 ዓመት አይጠብቅም 😂

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይዘቱን ሳትነኪ ዓረፍተ ነገሩን ስበሪው። «ነጋዴው ከገዛው 48 ኪሎ እህል ሩቡን ካበደረ በኋላ የተረፈውን በ4 ከረጢት እኩል ቢያከፋፍል በእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?» ልጁ መጨረሻው ግስ ላይ ሳይደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። እንዲህ አድርጊው፦ «ነጋዴው 48 ኪሎ እህል አለው። ሩቡን አበደረ። የቀረውን በ4 ከረጢት እኩል ከፈለ። በአንድ ከረጢት ስንት ኪሎ አለ?» መልሱ ያው 9 ነው። «ሩብ»ን ግን አታውጪ፤ የሚፈተነው እሱ ነው። «ያልሆነው የቱ ነው?» የሚሉትን ደግሞ ገልብጫቸው፤ «ያል» ካመለጠችው ያወቀውን ይስታል። ለ7ቱ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ ይኸው ወረቀት ይሰጥ፤ ያኔ «አንድ ፈተና» ነው፣ ርዕሰ መምህሩም አይቆጡም።

ሚዛን፦ ቋንቋው ነው ችግሩ ያለሽ ማነው? ትምህርት አቋርጠው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቃል የሌለባቸው 6 ስሌቶች ስጫቸው። እሱን ሠርተው የቃላቱን ጥያቄ ከሳቱ ቋንቋ ነው። ሁለቱንም ከሳቱ የጎደለው ትምህርቱ ነው፤ ማቅለል አያድናቸውም።

ጠመኔ ያለቀባት፦ ስሌቱንም ይስታሉ! አንዱ 8×7 ብሎ 07 ጻፈ።

ሚዛን፦ አላልኩም?

ድንበር ተሻጋሪ፦ ቆይ፣ ልጁ በአረብኛ ተምሮ ነው የመጣው? በብዙ የአረብ አገሮች ትምህርት ቤት 5 የምትጻፈው እንደ ክብ ነው፣ ዜሮን ትመስላለች። 6 ደግሞ 7ን። ዜሮ ራሷ ነጥብ ናት። ልጁ የጻፈው 56 ነው፣ ትክክል ነበር! የድሮውን ወረቀት እንደገና እረሚው። ነገ ከመጀመራቸው በፊት ከ0 እስከ 10 በሁለቱም አጻጻፍ ሰሌዳ ላይ ጻፊ።

ሚዛን፦ ይህን አላሰብኩትም።

ቀልደኛው፦ ርዕሰ መምህሩንም በአረብኛ ፈትኛቸው፣ «አንድ ፈተና» አይደል 😂

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሁለት ነገር ልጨምር። «አስላ»፣ «አወዳድር»፣ «ምክንያቱን ግለጽ» የመሳሰሉ 10 የትእዛዝ ቃላትን በሁለት ዓምድ ተርጉመሽ አባሪ አድርጊ። በሳይንሱ የሚፈተነውን እንደ «ትነት» ያለ ቃል ግን እዚያ ውስጥ ፍቺውን እንዳትጽፊ፣ መልሱን መስጠት ነው። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንበብ ለሒሳብና ለሳይንስ ይቻላል፤ ለንባብ ፈተና ግን አይሆንም። የክፍል ጓደኛውን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ መልሱንም ይተረጉምለታል። ሳይንሱን ስታርሚ ፊደል ስለሳተ ነጥብ አትቀንሺ።

ጠመኔ ያለቀባት፦ 3ቱ በአረብኛ የተማሩ ናቸው። ወረቀቱን ልቀይር ሄድኩ።

ድንበር ተሻጋሪ፦ 07ቱን ልጅ ስንት ሰጠሽው?

ሰዓት ጨምሩ፦ ሰዓትም ጨምሪላቸው።